ኤክሴልን ለሚጀምሩ፦ ገጹን ማወቅና በገጹ ላይ መንቀሳቀስ

ኤክሴልን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚከፍት ሰው ዓይኑ ቀድሞ የሚያርፈው ከላይ በተደረደሩት በርካታ ትእዛዞች ላይ ነው፤ እነርሱን አንድ በአንድ ለማጥናት ሲሞክርም ገና ሥራ ሳይጀምር ይሰለቻል። በእኔ እምነት መቅደም ያለበት አሁን የሚጻፈው በየትኛው ቦታ ላይ እንደሆነ በማንኛውም ሰዓት ለይቶ ማወቅ ነው። ማብራሪያው በዊንዶውስ ላይ የሚሠራውን ማይክሮሶፍት ኤክሴልን የሚመለከት ቢሆንም፣ ተመሳሳይ የሰንጠረዥ ፕሮግራሞች የሆኑት ጉግል ሺትስም ሆነ ሊብሬኦፊስ ካልክ በመሠረታዊ አሠራራቸው ከዚህ ብዙም አይርቁም።

ባዶ ወርክቡክ፣ ማለትም የኤክሴል ፋይል፣ ሲከፈት የሚታየው በመስመሮች የተከፋፈለ ሰንጠረዥ ነው። ከላይ ወደ ታች የሚወርዱት ዓምዶች በላቲን ፊደላት፣ ወደ ጎን የሚሄዱት ረድፎች ደግሞ በቁጥር ይጠራሉ፤ ሁለቱ የሚገናኙበት እያንዳንዱ ሳጥን ሴል ይባላል። የሴል አድራሻ ምንጊዜም ከዓምዱ ፊደል ስለሚጀምር፣ በሁለተኛው ዓምድ በአምስተኛው ረድፍ ላይ ያለው ሴል ቢ5 (B5) ተብሎ ይጠራል። እ.ኤ.አ. ከ2007 እትም ወዲህ አንድ ሺት፣ ማለትም በወርክቡኩ ውስጥ ያለ አንድ የሰንጠረዥ ገጽ፣ 1,048,576 ረድፎችና 16,384 ዓምዶች አሉት፤ ከዚያ በፊት የነበሩት እትሞች ግን ከ65,536 ረድፎችና ከ256 ዓምዶች አያልፉም ነበር። ስለዚህ በስክሪኑ ላይ የሚታየው ከሺቱ እጅግ ጥቂቱ ክፍል ብቻ ነው።

አንዱን ሴል በማውዝ ሲጫኑት ዙሪያው በወፍራም መስመር ይከበባል፤ የሚጽፉት ሁሉ የሚገባው እዚያ ነው። አድራሻው ከሰንጠረዡ በላይ በስተግራ ባለው ትንሽ ሳጥን፣ ማለትም በኔም ቦክስ ውስጥ ይነበባል፤ ከእርሱ ቀጥሎ ያለው ረጅም መስመር ፎርሙላ ባር ሲሆን፣ ሴሉ በእርግጥ የያዘውን ያሳያል። እዚህ ላይ ቆም ማለት ይገባል፤ ምክንያቱም በሴሉ ላይ የሚታየውና በውስጡ የተቀመጠው ሁልጊዜ አንድ አይደሉም። በኤ1 ላይ 10፣ በኤ2 ላይ 20 ይጻፉ፤ ከዚያም በኤ3 ላይ የእኩል ምልክት አስቀድመው ኤ1 ሲደመር ኤ2 የሚለውን በላቲን ፊደላትና በምልክት (=A1+A2) ጽፈው ኢንተርን ይጫኑ። ወደ ኤ3 ሲመለሱ ሴሉ 30 ይላል፤ ፎርሙላ ባሩ ግን የጻፉትን ስሌት ያሳያል። እንዲሁም 12.3456 የያዘ ሴል ሁለት አስርዮሽ ብቻ እንዲያሳይ ከተደረገ 12.35 ሆኖ ይታያል እንጂ የተቀመጠው ቁጥር አይለወጥም። በቁጥር ፋንታ የሃሽ ምልክቶች (###) ተደርድረው ቢያዩ አብዛኛውን ጊዜ ዓምዱ ጠቦ ነው፤ ከላይ በዓምዱ ፊደል በስተቀኝ ያለውን ድንበር በማውዝ ሁለቴ ቢጫኑት በራሱ ይሰፋል።

ጀማሪን ከሁሉ በላይ ግራ የሚያጋባው መጻፍና ማረም የተለያዩ መሆናቸው ነው። በተሞላ ሴል ላይ ሆነው መጻፍ ከጀመሩ የቀድሞው ይጠፋና አዲሱ ይተካል፤ ይህ ሳይታሰብ ከሆነ ኢንተርን ከመጫን በፊት ኤስኬፕን መጫን የነበረውን ይመልሰዋል፤ ካለፈ ደግሞ ኮንትሮልንና ዜድን (Ctrl+Z) አንድ ላይ መጫን የነበረውን ይመልሳል። ጥቂት ፊደል ብቻ ለማረም ኤፍ2ን መጫን ይሻላል፤ በዚህ ጊዜ በመስኮቱ ግርጌ በስተግራ ኤዲት የሚል ቃል ይታያል፤ የቀስት ቁልፎችም ከሴል ወደ ሴል መውሰዳቸውን ትተው በጽሑፉ ውስጥ ብቻ ያንቀሳቅሳሉ። ቀስቱ አልታዘዝ ሲልዎ ይህን ቃል ይመልከቱ።

ኢንተር ወደ ታች ያወርዳል፣ ታብ ወደ ቀኝ ያሻግራል፤ ሺፍት ሲጨመርባቸው አቅጣጫቸው ይገለበጣል። አንድን ረድፍ በታብ እየሞሉ ሄደው መጨረሻ ላይ ኢንተርን ሲጫኑ ከጀመሩበት ዓምድ ሥር ስለሚያደርስዎ ዝርዝር ለመመዝገብ እጅግ ይመቻል። የማውዙን ጎማ ማሽከርከር ግን እይታውን እንጂ የተመረጠውን ሴል አያንቀሳቅስም፤ ሩቅ ወርደው ዝም ብለው ቢጽፉ ጽሑፉ የሚገባው ቀድሞ በነበሩበት ሴል ነው። ኮንትሮልና ባክስፔስ አንድ ላይ ሲጫኑ የተመረጠው ሴል ወዳለበት ይመልሳሉ።

ለረጅም ሰንጠረዥ የሚበጀው ኮንትሮልን ይዞ ቀስትን መጫን ሲሆን፣ እስከ ተከታታዩ መረጃ ዳር በአንድ ጊዜ ያደርሳል። ከኤ1 እስከ ኤ10 ቁጥር ሞልተው ኤ6ን ብቻ ባዶ ይተዉት፤ ከኤ1 ተነሥተው ኮንትሮልና የታች ቀስትን ሲጫኑ ኤ5 ላይ ይቆማል፤ ሲደግሙት ኤ7፣ ቀጥሎ ኤ10፣ ከዚያም ከታች ሌላ የተጻፈ ነገር ከሌለ የሺቱ የመጨረሻ ረድፍ ላይ ያርፋል። ስለዚህ ይህ ዘዴ ከፍጥነቱ ሌላ በመካከል የተዘለለ ባዶ ሴልን ያጋልጣል። ሺፍት ሲታከልበት የታለፈውን ሁሉ ይመርጣል። አድራሻውን የሚያውቁት ሩቅ ቦታ ከሆነም ኔም ቦክስ ውስጥ ጽፎ ኢንተርን መጫን ይበቃል።

ከታች የተደረደሩት ስሞች በወርክቡኩ ውስጥ ያሉት ሺቶች ናቸው፤ ሁለቴ ተጭኖ ስማቸውን መለወጥ፣ በኮንትሮልና በፔጅ ዳውን ደግሞ ወደ ቀጣዩ መሻገር ይቻላል። ከላይ ያለው የትእዛዝ ሰሌዳ፣ ማለትም ሪበን፣ ሥራው በጠየቀ ጊዜ የሚጠና ነው፤ ድንገት ቢሰወር ኮንትሮልና ኤፍ1 ይመልሱታል። ከእርሱ ውስጥ ቀድሞ የሚያስፈልገው ቪው በሚለው ክፍል ያለው ፍሪዝ ፔንስ ነው። ቢ2ን መርጠው ይህንን ሲያዙ የመጀመሪያው ረድፍና የመጀመሪያው ዓምድ ባሉበት ስለሚጸኑ፣ የቱንም ያህል ቢወርዱ ርእሶቹ ከዓይን አይጠፉም፤ ከዚያ በኋላ ኮንትሮልና ሆም ሲጫኑ የሚደርሱት ኤ1 ሳይሆን ቢ2 ላይ ይሆናል።