ዶልፊን ሚኒባሷን ቤት አድርጎ ከልጆች ጋር ጣና ዙሪያን መጎብኘት

መጀመሪያ ስለ መኪናው እንነጋገር። ታሪክ ሊያሳይ ቤተሰቡን ይዞ የሚወጣ ሰው የሚጨቃጨቀው ስለ ቦታ ነው፤ ደሴቶቹ ይቅደሙ ወይስ ጎንደር እያለ። ልጆች ግን በቦታ ምርጫ አያለቅሱም። የሚያስለቅሳቸው ረሃብ፣ ሽንትና እንቅልፍ ነው። ሦስቱን መኪናው ውስጥ ካበጃችሁ ሌላው ይቀላል።

ወንድሜ ጀርመን አገር ልጆቹን የሚያዞረው ካምፐር በሚሉት መኪና ነው። አልጋው፣ ምድጃው፣ ሽንት ቤቱ ሁሉ ውስጡ ነው። እዚህ ባሕር ዳር ሲመጡ ለነሱ ውጭ አገር ማለት የእኛ ሰፈር ነው፤ ካምፐራቸውን ፈለጉ። የባለቤቴ ዶልፊን አለች፣ እሷን አበጀንላቸው።

የመጨረሻውን የወንበር ረድፍ አስፈቱ። ጋራዥ ቶሎ ይፈታላችኋል። ብሎኖቹን ግን በፌስታል ቋጥራችሁ ራሳችሁ ያዙ፤ ጋራዥ የቀረ ብሎን ተመልሶ አይገኝም። በቦታው ስፖንጅ ፍራሽ አንጥፉ። ፍራሹ ለቆመ መኪና ነው። መኪናው ሲሄድ ልጅ ወንበር ላይ፣ ቀበቶ ታስሮ። ከፍራሹ ሥር የውኃ ጀሪካን፣ ትንሿ ቡታጋዝ፣ ድስት፣ ክሪክና አጎበር ይገባሉ። ለትንንሾቹ ፖፖ ያዙ። ትልልቆቹ ይስቃሉ፤ አዲስ ዘመን ከተማን አልፋችሁ ዳገቱ ሲጀምር መሳቃቸውን ያቆማሉ።

ቡታጋዙን መኪናው ውስጥ በፍጹም አትለኩሱ። ከሰልማ ጭራሽ፤ በተዘጋ መኪና ውስጥ ጭሱ ሳይሸታችሁ ይገድላል።

ስንቅ ላይ አማቴን የሚያክል የለም። ድርቆሽ፣ ቋንጣ፣ በሶ፣ ዳቦ ቆሎ። ድርቆሹን በሙቅ ውኃና በበርበሬ አርሶ ፍርፍር ማድረግ የሻይ ማፍላት ያህል ጊዜ አይወስድም። ለረቡዕና ዓርብ የሽሮ ዱቄት ለብቻው ቋጥሩ፤ በተለይ ገዳም የምትሄዱበት ቀን ከሆነ።

ማደሪያን በተመለከተ መንገድ ዳር አትደሩ። እኛ ጋ እንደነሱ አገር በየመንገዱ የካምፐር ማቆሚያ የለም። ግቢና ዘበኛ ያለው ፔንሲዮን ፈልጋችሁ አንድ ክፍል ብቻ ተከራዩ። አያቶች አልጋ ላይ ይተኛሉ፣ ወጣቱ መኪናው ውስጥ፣ ሻወሩ የሁሉም ነው። ከመግባታችሁ በፊት ግን ዋጋውን ከነመኪናው ጨርሱ።

መንገዱንም ጠይቁ። ስልክ ላይ ያለ ወሬ ሳይሆን፣ መናኸሪያ ሄዳችሁ በዚያው ቀን ከዚያ አቅጣጫ የገባ ሹፌር አነጋግሩ። መንገዱ ጥሩ አይደለም ካላችሁ ጉዞው ይቆይ። ጣና የትም አይሄድም።

አሁን ወደ ታሪኩ። የእኔ ምክር ጉዞውን በዘመን ቅደም ተከተል አድርጉት ነው። ጎንደር ከመቆርቆሯ በፊት ነገሥታቱ በድንኳን ከቦታ ቦታ ይዘዋወሩ ነበር፤ ቤተ መንግሥቱ ራሱ ካምፐር ነበር ማለት ይቻላል። ይህን ለልጆች አስቀድማችሁ ከነገራችኋቸው ጎንደር ሲደርሱ የድንጋዩ ግንብ ለምን ትልቅ ነገር እንደሆነ ይገባቸዋል።

ስለዚህ ከሐይቁ ጀምሩ። ጀልባ ለመከራየት ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ዳር ላይ ሁኑ። ከቀትር በኋላ ነፋሱ ይነሳል፣ ጀልባውም ይናጣል፣ ልጆቹም ያስታውካሉ። ዋጋ ስትነጋገሩ በሰው ሳይሆን በጀልባ፣ መጠበቂያውንም ጨምራችሁ። የሕይወት አድን ጃኬቱን ልጁ ላይ አልብሳችሁ ለኩት፤ የአዋቂ ጃኬት ልጅ ላይ ይሾልካል። ዳር ላይ ውኃው ውስጥ እግራቸውን እንዳይነክሩ፤ ጣና ቢልሃርዚያ አለበት።

ከነቤተሰብ የሚኬደው ዘጌ ነው። የደሴት ገዳማቱ ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ሴት አያስገቡም። ዳጋ እስጢፋኖስ የዐፄ ፋሲልና የሌሎች ነገሥታት አጽም ያለበት ነው፤ ቢሆንም እናትና ሴት ልጅን ጀልባ ላይ ትቶ መግባት ለእኔ የቤተሰብ ጉዞ አይደለም። ዘጌ ላይ ኡራ ኪዳነ ምሕረትም አዝዋ ማርያምም ሁሉም ይገባል። ከጀልባው ወርዳችሁ በቡና ጫካ መካከል ትወጣላችሁ። ነጠላና ካልሲ ያዙ፤ ጫማ በር ላይ ይቀራል። ኡራ ውስጥ የመቅደሱ ግድግዳ ከታች እስከ ላይ በሥዕል የተሸፈነ ነው። ልጆችን ሁሉንም ልታሳዩ አትሞክሩ። በላዔ ሰብን ብቻ ፈልጉ በሏቸው። 78 ሰው በልቶ በጥርኝ ውኃ የዳነውን ሰውዬ አንዴ ካገኙት ሌላውን ሥዕል ራሳቸው ይጠይቃሉ። ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት ካህኑን አስፈቅዱ።

በማግስቱ ወደ ጎንደር፤ 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሁሉም ሰው በሩጫ የሚያልፈው እንፍራንዝ አጠገብ ያለው የጉዛራ ግንብ ነው። እናንተ ቁሙ። የዐፄ ሠርጸ ድንግል ነው የሚባለው፤ ከጎንደር ግንቦች ይቀድማል። ኮረብታው ላይ ሆናችሁ ጣናን ከሩቅ ታያላችሁ። ምሳችሁን ታች፣ መኪናው ጋ አብስሉ።

ጎንደርን ብዙ ሰው ስለሚያውቃት አላበዛም። ፋሲል ከተማ ያደረጋት እ.ኤ.አ. በ1636 ነው፤ ግቢው በዩኔስኮ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1979። ጠዋት ግቡ። የአንበሶቹን ቤት ለልጆች አሳዩ። ከሰዓት የፋሲል መዋኛ፤ አጥሩን የዋጡትን የዛፍ ሥሮች ልጆች ከግንቡ በላይ ይወዷቸዋል። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያው ላይ ያሉትን የመላእክት ፊቶች ቁጠሩ በሏቸው፣ እናንተ ታርፋላችሁ።

ስትመለሱ ጊዜ ካላችሁ ከወረታ ወደ ደብረ ታቦር ታጠፉ። ዐፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ያሠሩበት ጋፋት እዚያ አጠገብ ነው። ዓይን የሚሞላ ነገር የለውም፤ እውነቱን ልንገራችሁ። ግን ወደ 70 ኩንታል የሚመዝን ብረት ከዚህ እስከ መቅደላ በሰው ጉልበት ተጎተተ ብላችሁ ቦታው ላይ ስትነግሩት፣ አሥር ዓመት ያለፈው ልጅ ዝም ብሎ ያዳምጣል። ልጁ ከዚያ በታች ከሆነ ዝለሉት፣ በቀጥታ ወደ ባሕር ዳር ንዱ።

ወረታ ላይ ከመሸባችሁ ደግሞ ባሕር ዳር ቅርብ ናት ብላችሁ በጨለማ አትንዱ። ከብት፣ ጋሪና መብራት የሌለው ባጃጅ መንገዱ ላይ ነው። እዚያው እደሩ።