ኪይ ባዶ ሲመልስ፦ ከሌላ ፋይል መፈለግ በኤክስኤስኤልቲ

ችግሩ

ሁለት የኤክስኤምኤል ፋይሎች አሉን እንበል። አንዱ የበግ ሽያጭ መዝገብ ነው፤ በየመስመሩ የወረዳ ስም አለ። ሌላው የሰሜን ሸዋ ወረዳዎችን ከነዋና ከተማቸው ይዟል፦ መንዝ ጌራ ምድር፣ መሐል ሜዳ፤ ሞረትና ጅሩ፣ እነዋሪ፤ መርሐቤቴ፣ ዓለም ከተማ። ስታይልሺቱ (ኤክስኤምኤልን ወደ ሌላ መልክ የሚቀይረው የኤክስኤስኤልቲ ፋይል) በኪይ ፈንክሽን እየፈለገ ከእያንዳንዱ ሽያጭ ጎን ከተማውን ማውጣት አለበት። ይሠራል፣ ኤረርም የለም፤ የከተማው ቦታ ግን ባዶ ነው።

ምክንያቱ

ኪይ የሚፈልገው በዚያች ሰዓት በቆማችሁበት ሰነድ ውስጥ ብቻ ነው። የሽያጩን መስመር እያነበባችሁ ከጠራችሁት ወረዳውን እዚያው ሽያጩ ውስጥ ይፈልጋል፤ ያጣዋል፤ ዝም ይላል። የወረዳዎቹን ፋይል ቀደም ብሎ በቫሪያብል መጫን ይህን አይለውጠውም።

መፍትሄው

እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው የኤክስኤስኤልቲ ቨርዥን 1.0 ከሆናችሁ መጀመሪያ ወደ ወረዳዎቹ ፋይል ተሻገሩ፣ ከዚያ ፈልጉ። የወረዳውን ስም በቫሪያብል ያዙ። ቀጥሎ ፎር-ኢች ክፈቱና ሰሌክቱ ላይ የወረዳዎቹን ፋይል፣ ሌላ ፋይል በሚከፍተው በዶክመንት ፈንክሽን፣ ስጡት። ኪይ የሚጠራው እዚያ ውስጥ ነው። ይህ ፎር-ኢች የሚዞረው አንዴ ብቻ ነው፤ የገባው ለማሻገር ነው። ቫሪያብሉን እንዳትዘሉት፤ ከተሻገራችሁ ወዲያ የሽያጩ አትሪቢዩት አይታያችሁም።

እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው 2.0 ሥራውን አቅልሎታል። ሰነዱን ለኪይ ሦስተኛ አርጉመንት አድርጎ መስጠት ይበቃል። ስታይልሺት ከሚያስኬዱት ፕሮግራሞች ሳክሰን ይህን ያውቃል፤ ኤክስኤስኤልቲፕሮክ ግን 1.0 ብቻ ስለሆነ በእሱ ከሆናችሁ በፎር-ኢቹ ቀጥሉ። ሦስተኛው አርጉመንት የሚቀበለው አንድ ኖድ (አንድ ሰነድ ወይም የሰነድ አንድ ክፍል) ነው። የወረዳ ፋይሎቹ ብዙ ከሆኑ በ2.0ም ፎር-ኢች ይሻላል።

አሁንም ባዶ ከሆነ

ፊደሉን እዩ። በእኛ ዳታ ላይ ይሄ በጣም ያጋጥማል። አንዱ ጸሐፊ «መርሐቤቴ» ይላል፣ ሌላው «መርሃቤቴ»። «ዓለም ከተማ» እና «አለም ከተማ»ም እንደዚያው። ሲነበቡ አንድ ናቸው፤ በዩኒኮድ ግን ሐ እና ሃ የተለያየ ቁጥር አላቸው፣ ኪይም የሚያወዳድረው ቁጥሩን ነው። ትራንስሌት ፈንክሽን ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ እና ኃን ወደ ሀ፣ ኣ፣ ዐ እና ዓን ወደ አ ይመልስላችኋል። የቀሩትን ሞክሼ ሆሄያትም ጨምሩ። ግን በሁለቱም በኩል መደረግ አለበት፦ በኪዩ ዩዝ (የሚፈለግበትን ዋጋ በሚናገረው አትሪቢዩት) ላይም፣ በምትፈልጉት ስም ላይም። በአንድ በኩል ብቻ ካደረጋችሁት ጭራሽ ይብሳል፤ ድሮ ይገጥም የነበረውም አይገጥምም። ኖርማላይዝ-ስፔስንም አብራችሁ አስገቡ፤ ከስሙ ኋላ የተረሳች ክፍተት ያው ናት። ሁለቱንም ፋይል ማስተካከል የምትችሉ ከሆነ ግን ስሙን ትታችሁ የወረዳ ኮድ ተጠቀሙ።

ፊደሉም ልክ ከሆነ ፋይሉ መከፈቱን አረጋግጡ። ለዶክመንት በጽሑፍ የሰጣችሁት አድራሻ የሚቆጠረው ስታይልሺቱ ካለበት ፎልደር ነው፣ የሽያጩ ፋይል ካለበት አይደለም። በመጨረሻም የወረዳዎቹ ፋይል ኔምስፔስ (የኤለመንቶቹን ስም ከሌላው የሚለይ መጠሪያ) ካለው በኪዩ ማች (የሚፈለጉትን ኤለመንቶች በሚናገረው አትሪቢዩት) ላይ ፕሪፊክሱን አስገቡ።