መስመሩ ከመሰመሩ በፊት፦ የሥነ ልቦና ፈተና ውጤትን ለፍትሐዊ ምርጫ እንዴት መጠቀም ይገባል?

አመልካቾችን በፈተና የሚመርጥ ሰው ብዙውን ጊዜ ሥራውን ከመጨረሻው ይጀምራል፤ ውጤቱን ከከፍተኛው ወደ ዝቅተኛው ይደረድርና የሚፈለገው የሰው ቁጥር በሞላበት ላይ መስመር ያሰምራል። ከመስመሩ ወዲህና ወዲያ በቆሙት ሁለት ሰዎች መካከል ያለው ልዩነት አንድ ወይም ሁለት ነጥብ ሊሆን ይችላል፤ ውሳኔው ግን የአንደኛውን ኑሮ ይለውጣል። ስለዚህ መስመሩን ከማስመርዎ በፊት ቁጥሩ ምን ዓይነት እንደሆነ፣ ከማን ጋር እንደተነጻጸረ፣ ምን ያህል ስሕተት እንዳዘለና ማንን ያለ አግባብ እንደሚያስቀር ይመርምሩ።

የመጀመሪያው ጥያቄ የመለኪያው ዓይነት ነው። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ስታንሊ ስሚዝ ስቲቨንስ እ.ኤ.አ. በ1946 ባሳተመው ጽሑፍ መለኪያዎችን በአራት ከፍሎ አስቀምጧል። የአመልካች መለያ ቁጥር መጠሪያ ብቻ ነው። አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ የሚለው ደረጃ ማን እንደሚበልጥ እንጂ በስንት እንደሚበልጥ አይናገርም። በእኩል ርቀት መለኪያ፣ ለምሳሌ በሴልሺየስ ቴርሞሜትር፣ ልዩነቶችን ማወዳደር ይቻላል፤ ዜሮው ግን የሙቀት አለመኖርን አያሳይም። እውነተኛ ዜሮ ባለው መለኪያ ብቻ «እጥፍ» ማለት ይቻላል፤ 400 ሚሊሰከንድ የፈጀ ምላሽ 200 ሚሊሰከንድ ከፈጀው በእርግጥ እጥፍ ጊዜ ወስዷል። የአእምሮ ችሎታ ፈተና ላይ 140 ያገኘ ሰው ግን 70 ያገኘውን ሰው እጥፍ ችሎታ አለው ማለት ትርጉም የለውም።

ይህ ልዩነት በተግባር የሚጎዳው የተለያዩ ውጤቶች ሲደመሩ ነው። በአንድ የቅጥር ኮሚቴ ውስጥ የፈተናው ውጤት ወደ ደረጃ ተቀይሮ ከቃለ መጠይቁ ደረጃ ጋር ሲደመር አይቻለሁ። በፈተናው 71፣ 70 እና 52 ያገኙ ሦስት ሰዎች 1ኛ፣ 2ኛ እና 3ኛ ተባሉ፤ የአንድ ነጥብና የአሥራ ስምንት ነጥብ ልዩነት በቅጽበት እኩል ሆኑ። ውጤቶችን ማጣመር ካስፈለገ ደረጃዎችን መደመር ትቶ እያንዳንዱን ውጤት አስቀድሞ ወደ አንድ ዓይነት መደበኛ ነጥብ መለወጥ ይገባል።

መደበኛ ነጥብ የሚገኘው ከጥሬው ውጤት ላይ የማነጻጸሪያውን ቡድን አማካይ ቀንሶ ቀሪውን ለመደበኛ ልይይቱ፣ ማለትም ውጤቶቹ ከአማካዩ በተለምዶ ምን ያህል እንደሚርቁ ለሚያሳየው ቁጥር፣ በማካፈል ነው። አንዲት አመልካች ከ80 ጥያቄዎች 60 መለሰች እንበል። የማነጻጸሪያው ቡድን አማካይ 52፣ መደበኛ ልይይቱም 8 ከሆነ አመልካቿ ከአማካዩ አንድ መደበኛ ልይይት ከፍ ብላለች፤ አማካዩ 50፣ ልይይቱ 10 በሆነው በቲ ነጥብ 60 ታገኛለች፤ ውጤቶቹ በደወል ቅርጽ ከተሠራጩም 84ኛው ፐርሰንታይል ላይ ትሆናለች። ይህ ማለት ከቡድኑ 84 በመቶ ያህሉን በልጣለች ማለት እንጂ ከጥያቄዎቹ 84 በመቶውን መልሳለች ማለት አይደለም፤ የመለሰችው 75 በመቶውን ነው። አሁን ያንኑ 60 አማካዩ 58፣ ልይይቱ 6 ከሆነ የተመረጡ ባለሙያዎች ቡድን ጋር ያነጻጽሩት፤ ወደ 63ኛው ፐርሰንታይል ትወርዳለች። የሰውየዋ ችሎታ አልተነካም፤ የተለወጠው ቡድኑ ብቻ ነው።

በዚህ ምክንያት የፈተናውን መመሪያ ሲከፍቱ አስቀድመው የኖርሙን፣ ማለትም የማነጻጸሪያውን ቡድን ውጤቶች የያዘውን፣ ሰንጠረዥ ምንጭ ያንብቡ፤ ቡድኑ እነማንን እንደያዘ፣ ስንት ሰው እንደነበረው፣ መቼና በምን ቋንቋ እንደተፈተነ ይዩ። ተመራማሪው ጄምስ ፍሊን እ.ኤ.አ. በ1984 እንዳሳየው የአሜሪካውያን አማካይ የአእምሮ ፈተና ውጤት በየአሥር ዓመቱ በ3 ነጥብ ያህል ሲጨምር ቆይቷል፤ ያረጀ ኖርም የዛሬን ተፈታኝ ከእውነተኛ ደረጃው ከፍ አድርጎ ያሳያል። ፈተና ሲተረጎምም ጥያቄው እንጂ ኖርሙ አብሮ አይተረጎምም፤ አዲስ ቡድን ተፈትኖ አዲስ ሰንጠረዥ መዘጋጀት አለበት። የፐርሰንታይል አማካይ ከመውሰድም ይቆጠቡ፤ ከ50ኛው እስከ 60ኛው ያለው ርቀት በቲ ነጥብ 2.5 ያህል ሲሆን ከ89ኛው እስከ 99ኛው ያለው ግን 11 ያህል ነው።

ቀጥሎ ስሕተቱን ያስሉ። የፈተናው አስተማማኝነት፣ ማለትም ፈተናው ቢደገም ውጤቱ ምን ያህል እንደሚጸና ከ0 እስከ 1 የሚያሳየው ቁጥር፣ 0.84 ከሆነ ከ1 ሲቀነስ 0.16 ይቀራል፤ የዚህ ካሬ ሥር 0.4 ነው፤ በልይይቱ 8 ሲባዛ 3.2 ነጥብ የመለኪያ ስሕተት ይሰጣል። ስለዚህ የ60ዋ አመልካች እውነተኛ ውጤት በ95 በመቶ እምነት በግምት ከ54 እስከ 66 ባለው ውስጥ ነው። ማለፊያው 59 ቢሆንና ሌላው አመልካች 58 ቢያገኝ በሁለቱ መካከል ያለው የ2 ነጥብ ልዩነት የሁለቱ ውጤቶች ስሕተት ተጣምሮ ከሚሰጠው 4.5 የልዩነት ስሕተት በእጅጉ ያንሳል። እንዲህ ያሉትን ሰዎች እንደ እኩል ቆጥሮ፣ አስቀድሞ በጽሑፍ በተወሰነ ሌላ ተጨማሪ መስፈርት መለየት ይበልጥ ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ።

ፍትሐዊነትን ለመመርመር መነሻው ፈተናው ከሥራው ጋር ያለው ዝምድና ነው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1971 በግሪግስ ጉዳይ፣ አንድን የኅብረተሰብ ክፍል በብዛት የሚያስቀር የቅጥር ፈተና ከሥራው ጋር መያያዙ ካልተረጋገጠ፣ አሠሪው ክፉ ሐሳብ ባይኖረውም እንኳ ተቀባይነት እንደሌለው ወስኗል። እ.ኤ.አ. በ1978 የወጣው የዚያው አገር መመሪያ ደግሞ የአራት አምስተኛን መለኪያ አስቀምጧል፤ የአንዱ ቡድን የመመረጥ ምጣኔ ከፍተኛ ምጣኔ ካለው ቡድን አራት አምስተኛ (0.80) ካነሰ ምርጫው ያጠራጥራል። ከ100 ወንዶች 50፣ ከ60 ሴቶች 21 ቢመረጡ ምጣኔዎቹ 50 እና 35 በመቶ ናቸው፤ 35 ለ50 ሲካፈል 0.70 ይሆናል፤ ከ0.80 ስለሚያንስ ምርጫው መመርመር አለበት። ይህ ማስጠንቀቂያ እንጂ የአድልዎ ማረጋገጫ አይደለም።

ማረጋገጫው የሚፈለገው በትንበያው ላይ ነው። ተመራማሪዋ አን ክሊሪ እ.ኤ.አ. በ1968 ባቀረበችው መስፈርት፣ ተመሳሳይ ውጤት ያገኙ ሰዎች ከየትኛውም ቡድን ቢመጡ በሥራ ላይ በአማካይ ተመሳሳይ ብቃት ማሳየት አለባቸው፤ የአንዱ ቡድን ብቃት ከተተነበየው ሁልጊዜ ከፍ ካለ ፈተናው ያንን ቡድን እየበደለ ነው። ሮበርት ቶርንዳይክ ግን እ.ኤ.አ. በ1971 ሌላ ነገር ጠየቀ፤ ከቡድኑ 40 በመቶው ሥራውን መወጣት የሚችል ከሆነ የሚመረጠውም 40 በመቶ ይሁን አለ። ፈተና ፍጹም ተንባይ ስላልሆነ፣ በቡድኖች መካከል ልዩነት ባለ ጊዜ ሁለቱን መስፈርቶች በአንድነት ማሟላት አብዛኛውን ጊዜ አይቻልም። የትኛውን እንደሚከተሉ ስሌት አይወስንልዎትም፤ ኮሚቴው ውጤት ከማየቱ በፊት ወስኖ በጽሑፍ ያስፍረው።

ምርጫው ካለቀ በኋላ የፈተና ውጤቶችንና የኋላ የሥራ ምዘናዎችን አንድ ላይ ይመዝግቡ። ከመስመሩ በታች የቀሩት በዚህ መዝገብ ውስጥ ስለማይገኙ የተገኘው ዝምድና ከእውነተኛው ዝቅ ብሎ ይታያል፤ ፈተናው አይጠቅምም ብለው ከመጣልዎ በፊት ይህ የተቆረጠ ወሰን በስሌት እንዲታረም ያድርጉ።