ነፍሰ ጡር ሆነሽ ባልሽን ለወታደር ሥልጠና ስትሸኚ፦ ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

ባሌ የአሜሪካ ጦር ውስጥ ገብቶ ሳውዝ ካሮላይና ወደሚገኘው የሥልጠና ካምፕ፣ ፎርት ጃክሰን፣ ሲሄድ የስድስት ወር እርጉዝ ነበርኩ። የምንኖረው ቨርጂኒያ ነው። ያየኝ ሐበሻ ሁሉ "አይዞሽ፣ አሥር ሳምንት ምን አላት" ይለኝ ነበር። እውነትም አሥር ሳምንቷ አለፈች። ያስለቀሰኝ ሳንነጋገርበት የቀረነው ነገር ነው። ቀድመን ክፉ ነገር ማንሳት አንወድማ፤ "አታሟርቺ" ይሉሻል። እኔ ግን አሁን ለምትሸኝ እህቴ የምመክራት እንድታሟርት ነው።

የመጨረሻዋን ማታ ለድግስ መስጠት

እኔ ዶሮ ሠራሁ። ቀኑን ሙሉ ቆሜ ሽንኩርት ሳቁላላ ዋልኩና ማታ እግሬ አብጦ ጫማ አልገባ አለኝ። ሠላሳ ሰው መጣ። ተበላ፣ ተጠጣ፣ ተመረቀ። እኔና እሱ ብቻችንን የሆንነው እኩለ ሌሊት ላይ ድስት ስናጥብ ነው።

ድግሱም ቢሆን በጥድፊያ የሆነ ነበር። ምልምሎች ብዙ ጊዜ ከቤታቸው ተነስተው በቀጥታ ካምፕ አይገቡም። በዋዜማው ሆቴል ያድራሉ፣ በነጋታው ገና በጨለማ ሜፕስ ወደሚባለው የምርመራና የምዝገባ ጣቢያ ይወሰዳሉ። ለሰኞ ያሰብኩት ግብዣ እሑድ የሆነው ይህን ቅዳሜ ዕለት ስለሰማን ነው። ቀኑንና ሰዓቱን ሪክሩተሩን፣ ማለት የመለመለውን ወታደር፣ ቀድመሽ ጠይቂ። ደግሞ ቃለ መሐላውን ቤተሰብ መጥቶ ማየት ይችላል። እኔ ሄጄ አየሁ። ቀኝ እጁን ሲያነሳ እጅጌው ላይ የዶሮ ቅባት ጠብ ብሎበት አየሁ። የተሰናበትኩት ያኔ ነው እንጂ በድግሱ አይደለም።

ጠቡን እንደ መጥፎ ምልክት መቁጠር

ሊሄድ አምስት ቀን ሲቀረው በመኪና ዘይት ተጣላን። "ዘይቱን አስቀይሪ አላልኩሽም?" አለኝ። "ሆዴን ይዤ ጋራዥ ልሰለፍልህ?" አልኩት። ሁለት ቀን ተኳረፍን። በኋላ ከሌሎች የወታደር ሚስቶች ጋር ስናወራ የአንዷ ጠብ በቆሻሻ መጣያ፣ የሌላዋ በኔትፍሊክስ ፓስወርድ ሆኖ አገኘሁት። ልትለያዩ ስትሉ መነጫነጭ ያለ ነው። ትዳራችን አለቀለት አትበይ።

ወረቀቱን "ይደረሳል" ማለት

ትልቁ ጥፋታችን ይሄ ነው።

ባልሽ አገልግሎት ከጀመረበት ቀን አንስቶ አንቺም ትራይኬር የሚባለውን የወታደር ቤተሰብ የጤና መድን ታገኛለሽ። ግን በራሱ የሚመጣ አይደለም። እሱ ዲርስ በሚባለው መዝገብ ላይ ሊያስመዘግብሽ ይገባል። ለዚያ ደግሞ የጋብቻ ወረቀትሽ፣ የልደት ወረቀትሽና የሶሻል ሴኩሪቲ ካርድሽ እጁ ላይ መኖር አለበት። የእኛ ጋብቻ ወረቀት ከአዲስ አበባ የወጣ ነበርና የተረጋገጠ የእንግሊዝኛ ትርጉም ተጠየቀ። ያን ጊዜ እሱ ፀጉሩን ተላጭቶ ካምፕ ገብቷል። ትርጉሙን አስጨርሼ እስክልክ ስንት ቀን እንቅልፍ አጣሁ።

ስለዚህ ምዝገባው ማለቁን በዓይንሽ ሳታዪ ያለሽን ኢንሹራንስ አታቋርጪ። አዲሱ እስኪመጣ የእርግዝና ክትትሉ አይጠብቅሽም። የመጀመሪያው ደሞዝም ሊዘገይ ስለሚችል ቢያንስ የአንድ ወር የቤት ኪራይ ያዢ። የቤተሰብ መታወቂያ ለማውጣት እሱ አብሮሽ ካልቆመ፣ ዲዲ 1172-2 የሚባለውን ቅጽ ፈርሞ መላክ አለበት፤ ወይ ውክልና ሊኖርሽ ይገባል። ውክልናው ስል ግን "በሁሉ ነገር" የሚል ብቻ አይብቃሽ። አንዳንድ ባንክ አይቀበለውም። የመኪናው፣ የባንኩ፣ የቤት ኪራዩ ጉዳይ በስሙ የተጻፈበት ይሁን።

የልጁን ስም ለኋላ ማቆየት

"ሳይወለድ ስም አይወጣም" አለች እናቴ በስልክ። እሺ እማዬ። ግን እዚህ አገር ከሆስፒታል ሳትወጪ የልደት ወረቀት ሞልተሽ ነው የምትወጪው። እኔ የምጠራው በአባቴ፣ ባሌ በአባቱ ነው። ልጁ እንደ አገራችን ወግ በባሌ ስም ሲጠራ፣ አንድ ቤት ውስጥ ሦስት ሰው ሦስት "የመጨረሻ ስም" ይይዛል። ለፈረንጅ ጸሐፊ ይህን ማስረዳት ሌላ ምጥ ነው። የአባትየውን ስም ስጡት ወይም የአያትየውን፣ ምርጫው የእናንተ ነው። ግን ሁለታችሁ አንድ ላይ ወስናችሁ ወረቀት ላይ ጻፉት። ጋብቻችሁ በሽማግሌ ብቻ ከሆነና በሕግ ካልተመዘገበ ነገሩ ይብሳል። ያኔ በአብዛኛው ስቴት የአባት ስም የሚገባው ሁለታችሁም የአባትነት ማመኛ ስትፈርሙ ነው። ፈራሚው ደግሞ ካምፕ ውስጥ ነው።

ዝምታውን በራስ መተርጎም

እንደደረሰ አንዴ ይደውላል። "ደርሻለሁ፣ ደህና ነኝ፣ አድራሻ እልካለሁ።" ቻው እንኳን በወጉ አይባልም። ከዚያ ስልኩ ይቆለፍበታል። እኔ ከድምፁ አንድ ነገር ሆኗል ብዬ ሌሊቱን ስገላበጥ አደርኩ። ምንም አልሆነም፤ ከኋላው የተሰለፈ ስለነበር ነው።

እስከዚያው ደብዳቤ ጻፊ። ቅደም ተከተላቸውን ጠብቀው ስለማይደርሱ በፖስታው ጀርባ ቁጥር ጻፊበት። የእኔ ሦስተኛው ከአንደኛው ቀድሞ ደርሶ፣ ባሌ "ያልኩህ ሐኪም" የሚለውን ሲያነብ የትኛው ሐኪም እንደሆነ ግራ ገባው። የአልትራሳውንዱን ፎቶ ኮፒውን ላኪ፣ ዋናው ቤት ይቅር። ቆሎና ዳቦ ቆሎ ግን እንዳትልኪ። ይወሰዳል፤ ከዚያም አልፎ እሱ መሬት ላይ ፑሽ አፕ ይሠራበታል። የኔ አማት አልሰማ ብለው ልከው ነበር።

ምረቃውን ሳያሰሉ መመኘት

ስንለያይ 26ኛ ሳምንቴ ላይ ነበርኩ። መሠረታዊው ሥልጠና 10 ሳምንት ነው፣ ከዚያ በፊት የአቀባበል ቀናት አሉ። ደምሪው፦ ምረቃው 37ኛው ሳምንት ላይ ወደቀ። አብዛኞቹ አየር መንገዶች ከ36ኛው ሳምንት በኋላ ነፍሰ ጡር አይጭኑም ወይም የሐኪም ወረቀት ይጠይቃሉ። በመኪናም ከእኛ ሰፈር ሰባት ስምንት ሰዓት ነው። ሐኪሜ ገና ሳልጨርስ "አይሆንም" አለችኝ። ይህን ሒሳብ እሱ እያለ ብንሠራው ኖሮ ሁለታችንም ባልጓጓን። እህቴ ሄደችልኝ፣ እኔ በኢንተርኔት ሲተላለፍ አየሁት። አንድ ዓይነት ልብስ በለበሰ ያን ያህል ሰው መሐል የራስን ባል መፈለግ እንዴት እንደሚያደክም!

ደግሞ ከምረቃ በኋላ ቤት ይመጣል ብለሽ አትጠብቂ። ብዙዎቹ በቀጥታ ወደ ሙያ ሥልጠና ነው የሚሄዱት። እግረኛ ጦር ከሆነ ጆርጂያ ፎርት ቤኒንግ ይገባል፣ እዚያ ሁለቱ ሥልጠና ተያይዞ 22 ሳምንት ነው።

"እንዳይጨነቅ" ብሎ መደበቅ

ውጭ ላለ ሰው መርዶ መደበቅ ለምደናል። ሠራዊት ውስጥ ግን አይሠራም። ሠልጣኙን በአስቸኳይ ለማግኘት መንገዱ የአሜሪካ ቀይ መስቀል ነው፤ ቁጥሩ 1-877-272-7337፣ ቀንና ሌሊት ይሠራል። ሙሉ ስሙን፣ የልደት ቀኑን፣ ሶሻል ሴኩሪቲውን፣ ማዕረጉንና ያለበትን ክፍል ይጠይቁሻል። ከዚያ ሆስፒታሉን አረጋግጠው መልእክቱን ለአለቃው ያደርሳሉ። ወሊድም ይካተታል። ፈቃድ መስጠት አለመስጠት ግን የአለቃው ውሳኔ ነው። ይህን ሁሉ ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፊው። ምጥ ላይ ሆነሽ የክፍሉን ቁጥር አታስታውሺም፤ ያን ሌሊት ሆስፒታል የሚያደርስሽ ሰውም ይየው።

ወሊዱ ካለፈው ፈቃዱም ቀረ ማለት አይደለም። ለአባት 12 ሳምንት አለው፣ ልጁ በተወለደ በአንድ ዓመት ውስጥ የሚወሰድ። የኔ ባል የወሰደው ሥልጠናውን ሲጨርስ ነው። የልጃችን ክርስትና ግን በ40 ቀኑ ያለ እሱ ሆነ። ሴት ብትሆን 80 ነበርና ይደርስ ነበር።

ልጄን የወለድኩት ሌሊት ነው፣ ባሌ የሙያ ሥልጠናው ሁለተኛ ሳምንት ላይ። እህቴ ቀይ መስቀል ደወለች። ጠዋት በአሠልጣኙ ቢሮ ስልክ ደወለልኝ። "እንኳን ማርያም ማረችሽ" አለኝ፣ ድምፁ ተሰባበረ። ሁለታችንም ትንሽ ዝም አልን። ከዚያ፣

"የመኪናው ዘይትስ?" አለኝ።

አልተቀየረም ነበር።