የከረመ ጨጓራ ይዞ አዲስ ሐኪም ጋ እንዴት ይቀርባሉ?

ጅማ ውስጥ ጨጓራ እንደ በሽታ አይቆጠርም፤ እንደ ጠባይ ነው። ከፋርማሲ ኦሜፕራዞል (የጨጓራ አሲድ የሚቀንሰው እንክብል)፣ ሲብስ ወተት፣ ሲሻል ቡና። በዚህ መልክ ዓመታት ካለፉ በኋላ ሐኪም ጋ ለመሄድ ሲወስኑ ግን ቀድመው የሚያደርጉት ነገር አለ።

በመጀመሪያ ግን ሰገራዎ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ፣ ደም ካስታወከዎት ወይም ሕመሙ በላብና በትንፋሽ ማጠር ታጅቦ ድንገት ከመጣ የሚከተለውን ሁሉ ይተዉትና ዛሬውኑ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። ይህ የመጨረሻው ምልክት የልብ ሕመምም ሊሆን ይችላል። ክብደት መቀነስና ምግብ ማነቅም ቀጠሮ የሚሰጣቸው አይደሉም።

ኦሜፕራዞሉን ከሰገራ ምርመራው 2 ሳምንት በፊት ያቁሙ። መድኃኒቱ ኤች ፓይሎሪ የሚባለውን ጨጓራ የሚያቆስል ባክቴሪያ ፈጽሞ ባያጠፋውም ቁጥሩን ስለሚያሳንሰው የሰገራ ምርመራው «የለም» ሊል ይችላል። አንቲባዮቲክ ከወሰዱ ደግሞ 4 ሳምንት ይጠብቁ። በመሀል ካቃጠለዎት የሚታኘክ አንታሲድ ያስታግሳል። ኦሜፕራዞሉን ሐኪም ለጨጓራ ቁስል ወይም ከአስፕሪን ጋር ያዘዘልዎት ከሆነ ግን ሳይጠይቁ አያቁሙ።

የጤና መድን ካለዎት በጤና ጣቢያ ይጀምሩ፤ ሸነን ጊቤ ሆስፒታልም ሆነ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የሚሄዱት በሪፈር ነው። ዘለው ከሄዱ ከኪስዎ ይከፍላሉ። የመድን መታወቂያው መታደሱን ቀድመው ይዩ፤ ካርድ ክፍል ደግሞ በጠዋት።

አሁን ዋናው ነገር፦ አነጋገርዎ። ብዙ ሰው ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ «ጨጓራ አለብኝ» ይላል። ይህ ሕመሙን መናገር ሳይሆን ስም ማውጣት ነው፤ ወረፋው የረዘመበት ሐኪም ስሙን ተቀብሎ ያንኑ እንክብል ይጽፋል። የሐሞት ጠጠርም ጃርዲያም እዚያው አካባቢ ያማሉ። «ልቤን ያመኛል» ደግሞ ወደ ሌላ ምርመራ ይወስድዎታል። ቦታውን በአንድ ጣት ያሳዩና እንዲህ ይበሉ፦ «ከእምብርቴ በላይ፣ እዚህ ጋ፣ ያቃጥለኛል። ካቻምና ከመስቀል በፊት ጀመረኝ። ሲርበኝ ይብሳል፤ ስበላ ይተወኛል። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ይቀሰቅሰኛል።»

ቀኑን ካላስታወሱ በበዓል፣ በልጅ ክርስትና፣ በቤት ለውጥ ይቁጠሩት። ሁሉንም በግማሽ ገጽ ወረቀት ይጻፉት፤ ስልክ ላይ መጻፍ አይመከርም፣ እየፈለጉት ተራዎ ያልፋል። ሕክምና ማዕከሉ ማስተማሪያም ስለሆነ ቀድሞ ተማሪ ሐኪም ሊጠይቅዎት ይችላል። ለዋናው ሲደግሙ አያሳጥሩት።

የበሉትን መድኃኒት ሽፋን በሙሉ በፌስታል ይዘው ይሂዱ። በተለይ ለወገብና ለጉልበት የሚገዙት ዲክሎፍናክና አይቡፕሮፌን ጨጓራ ያቆስላሉ፤ ሰው ግን «እሱ የጉልበት ነው» ብሎ አያነሳውም። ኮሶም ሆነ ሌላ የአገር መድኃኒት፣ ጫት፣ መጠጥ አይደብቁ። ቡናውን በስኒ ይቁጠሩት፦ አቦል ቶና በረካ በቀን ሦስቴ ከሆነ 9 ስኒ ነው።

ምርመራ ላይ አንድ ጥያቄ ብቻ ይጠይቁ፦ «የሰገራው ነው ወይስ የደሙ?» የደሙ ምርመራ የሚያየው ፀረ አካል (ሰውነት ባክቴሪያውን ለመከላከል የሚያመርተው) ከዳኑም በኋላ ለብዙ ጊዜ ስለሚቆይ የታከመ ሰው ዳግም «ፖዘቲቭ» ተብሎ አንቲባዮቲክ ይሰጠዋል። የደም ውጤት ብቻ ይዞ ሐኪም ጋ መቅረብ አቋራጭ የሚመስል ኪሳራ ነው። ጃርዲያና አሜባ የሚታይበት ተራው የሰገራ ምርመራም ኤች ፓይሎሪን አያሳይም፤ በስሙ ይጠይቁት።

ባክቴሪያው ተገኝቶ መድኃኒት ከታዘዘ ሕመሙ በሦስተኛው ቀን ቢተውዎትም ይጨርሱት። ከጨረሱ ቢያንስ ከ4 ሳምንት በኋላ፣ ኦሜፕራዞሉን እንደገና 2 ሳምንት አቁመው፣ ያንኑ የሰገራ ምርመራ ይድገሙ። ቀጠሮውን ከሐኪሙ ክፍል ሳይወጡ ያስጽፉት።