ባጃጁ ዳገት እምቢ ሲል፦ ኦሪጅናል ዕቃ ወይስ ርካሹ?

ምልክቱ ይህ ነበር። ጎንደር ውስጥ ከአዘዞ ወደ ፒያሳ ሰው ጭኜ ስወጣ ሞተሩ ይጮኻል፣ ባጃጁ ግን አይስብም። ጠዋት ደህና ነው። ሲሞቅ ይብስበታል።

መጀመሪያ ካንዴላ ቀየርኩ፣ ካርቡራተር አስጠረግኩ። ወይ ፍንክች! ሞተሩ እየጮኸ ካልሳበ ጣጣው ከነዳጅ አይደለም፤ ኃይሉ ጎማው ጋ ሳይደርስ ነው የሚጠፋው። የሞተሩን ኃይል ወደ ማርሹ የሚያስተላልፈውንና የሚያቋርጠውን ክፍል፣ የፍሪሲዮኑን፣ ገመድ አስተካከልኩ። ትንሽ ተሻለውና ተመለሰበት። ቀጥሎ ርካሹን የፍሪሲዮን ዲስክ አስገባሁ። ለጥቂት ቀን አሪፍ ሄደ፤ ከዚያ ያው መንሸራተት።

መፍትሔው የተገኘው ከዚህ በኋላ ነው። ኦሪጅናል ዲስክ ከነሞላዎቹ ገዛሁ። የደከመ ሞላ አዲስ ዲስክንም አጥብቆ አይይዝም። ዲስኮቹን የሞተር ዘይት ውስጥ ዘፍዝፌ አሳደርኩ። በመሀል የሚገቡትን ብረቶች መስታወት ላይ አጋድሜ አየሁ፤ በሙቀት የተጣመመውን ጣልኩ። ዘይቱንም ለወጥኩ፦ የመኪና ሳይሆን ማሸጊያው ላይ «ጃሶ ኤምኤ» (JASO MA) የሚል የሞተር ሳይክል ዘይት። ፍሪሲዮኑ እዚያው ዘይት ውስጥ ነው የሚሠራው፤ ማለስለሻ የተጨመረበት የመኪና ዘይት ያንሸራትተዋል። በመጨረሻ ገመዱን ጥቂት ላላ አድርጌ አሰርኩ።

አሁን ዳገቱን ጭነትም ይዞ ይስባል። ለገመድ፣ ለስፖኪዮና ለፍሬቻ ግን አሁንም ርካሹን ነው የምገዛው።