የቆየ ፎር ዊል ፒክአፕን በቤት መጠገንና ማሻሻል፦ ችግርና መፍትሔ

በቆዩ ባለ አራት ጎማ መንጃ ፒክአፖች ላይ ብልሽቱ የሚታይበትና የሚነሣበት ቦታ ብዙውን ጊዜ ይለያያል። ይህ ጽሑፍ ወጥ የፊት አክስል (ሁለቱን የፊት ጎማዎች የሚያገናኝ አንድ ወጥ ተሸካሚ)፣ ባሌስትራና በእጅ የሚቆለፍ የፊት ሃብ (ጎማውን ከአክስሉ ዘንግ ጋር የሚያያይዝና የሚያላቅቅ የጎማ መሐል ክፍል) ላላቸው መኪኖች የሚያገለግል ሲሆን፣ ትልቅ ጎማም ሆነ ከፍታ መጨመሪያ ከመግጠም በፊት ከታች ያሉት ጥገናዎች መቅደም ይኖርባቸዋል፤ ማሻሻያ ያረጀውን አካል አያድነውም፣ ይልቁንም ጫናውን ያበዛበታል።

አስቀድሞ አንድ ማስጠንቀቂያ። በአንዳንድ አሮጌ መኪኖች የእጅ ፍሬኑ የሚይዘው የኋላ ጎማዎቹን ሳይሆን ከትራንስፈር ኬዝ (ኃይልን ለፊትና ለኋላ አክስል ከሚያከፋፍለው ሳጥን) የሚወጣውን ዘንግ ነው። በእንዲህ ዓይነቱ መኪና አንድ የኋላ ጎማ በክሪክ ሲነሣ ዲፈረንሻሉ (ግራና ቀኝ ጎማዎች በተለያየ ፍጥነት እንዲዞሩ የሚያደርገው የጥርሶች ስብስብ) ሌላኛውን ጎማ ስለሚለቀው፣ የእጅ ፍሬኑ ተስቦም መኪናው ሊንከባለል ይችላል። ስለዚህ መሬት የነኩትን ጎማዎች ከፊትና ከኋላ በታኮ ያስይዙ፤ በክሪክ ብቻ በተያዘ መኪና ሥርም አይግቡ።

የአራት ጎማ ማርሹ ገብቶ የፊት ጎማዎች አለመጎተት

ሁለቱን የፊት ጎማዎች አንሥተው በጠንካራ መደገፊያ ላይ ያሳርፉ፤ ትራንስፈር ኬዙን ወደ ሁለት ጎማ ይመልሱና ሁለቱንም ሃብ ቆልፈው አንዱን ጎማ በእጅ ያዙሩ። ሌላኛው ጎማ በተቃራኒው ከዞረ ወይም የፊተኛው የማስተላለፊያ ዘንግ ከተንቀሳቀሰ ሃቦቹ ይዘዋል ማለት ነው፤ ችግሩን ወደ ትራንስፈር ኬዙ አቅጣጫ ይፈልጉ። ሁለቱም ካልተንቀሳቀሱ አንዱ ሃብ አልያዘም ወይም የአክስሉ ዘንግ ተሰብሯል። ሃብ የማይይዝበት የተለመደ ምክንያት በውስጡ የታጨቀ ግራሶ መድረቁ ነው። ፈትተው ይጠቡት፤ ሲመልሱት ግን ስስ ቅብ ብቻ ይበቃዋል።

ማርሹ ከአራት ጎማ አልወጣ ማለት

በፊትና በኋላ አክስሎች መካከል ዲፈረንሻል የሌለው መኪና በደረቅ አስፋልት በአራት ጎማ ሲነዳ፣ በመታጠፊያ ላይ የፊትና የኋላ አክስሎች የሚጓዙት ርቀት ስለማይተካከል ዘንጎቹ ተወጥረው ማርሹን ይጨብጡታል። መኪናውን ቀጥ ባለ መስመር ጥቂት ሜትር ወደ ኋላ ይንዱትና ማርሹን እንደገና ይሞክሩ። ማንሻውን በኃይል መጎተት ማርሹን የሚገፋውን የውስጥ ሹካ ከማጣመም በቀር ፋይዳ የለውም።

የፊት ጎማና መሪ መንቀጥቀጥ

ጉድጓድ ከተመታ በኋላ የሚጀምርና ፍጥነት ካልተቀነሰ የማይቆም መንቀጥቀጥ ሲያጋጥም፣ ብዙዎች የመሪውን አሞርዛተር በአዲስ ይለውጣሉ። መንቀጥቀጡ ለጊዜው ይበርዳል፤ ምክንያቱ ግን ተሸፍኖ ይቆያል። በመጀመሪያ የጎማዎቹን ባላንስ ያስተካክሉ። ቀጥሎ ጎማውን አንሥተው ከላይና ከታች በመያዝ ይነቅንቁት። ልልነት ከተሰማ ሌላ ሰው ፍሬን እንዲረግጥ ያድርጉና ይድገሙት፦ በዚህ ጊዜ ልልነቱ ከጠፋ የጎማው ኩሽኔታ ነው፤ ካልጠፋ ጎማው ሲታጠፍ የሚዞርባቸው የላይና የታች ኩሽኔታዎች አልቀዋል። እነዚህን ሲቀይሩ የመጥበቂያቸው ልክ የሚስተካከለው ከክዳኑ ሥር ያሉትን ስስ የብረት ንጣፎች በመቀነስና በመጨመር ሲሆን፣ ልኩም የመሪው ዘንግ ተላቆ በሚጎተት የስፕሪንግ ሚዛን ይመዘናል። ቁጥሩን ከመኪናው የጥገና መመሪያ ይውሰዱ፤ የእጅ ግምት እዚህ ቦታ አይታመንም። የመሪ ዘንግ ጫፎችን ደግሞ ሞተሩ ጠፍቶ መሪውን ሰው ወዲህና ወዲያ ሲያወዛውዝ በዓይን ማየት ይበቃል።

ከፊት ጎማ ጀርባ የቀጠነ ጥቁር ዘይት መፍሰስ

ይህ የዲፈረንሻል ዘይት የውስጠኛውን ዘይት ማገጃ አልፎ በጎማው መታጠፊያ ውስጥ ካለው ግራሶ ጋር ሲቀላቀል የሚፈጠር ነው። ማገጃውን ከመቀየርዎ በፊት የአክስሉን መተንፈሻ ይፈትሹ፤ በጭቃ ከተደፈነ አክስሉ ሲሞቅ አየሩ መውጫ አጥቶ ዘይቱን ይገፋዋል፣ አዲሱም ማገጃ ብዙ አይቆይም። ግራሶው ቀጥኖ ከቆየ በኋላ መሪ ተጠምዝዞ ሲነዳ የሚሰማ ቀጭ ቀጭ ማለት የአክስሉ መጋጠሚያ መበላቱን ያመለክታል።

ከማሻሻያ በኋላ የሚመጡ ችግሮች

መኪናው ከፍ ከተደረገ በኋላ የሚሰማ ንዝረት ብዙውን ጊዜ ከክሮቼራዎቹ (በማስተላለፊያ ዘንጉ ጫፎች ካሉት ታጣፊ መጋጠሚያዎች) አቀማመጥ ይመጣል፤ በዘንጉ ሁለት ጫፎች ያሉት ማዕዘኖች እኩል ካልሆኑ ዘንጉ ወጥ ሆኖ አይዞርም። በአክስሉና በባሌስትራው መካከል የሚገባ ሽብልቅ ይህን ያስተካክላል፤ በፊት አክስል ላይ ግን ያው ሽብልቅ መሪው ወደ መሐል የሚመለስበትን ዝንባሌ ጭምር ስለሚለውጥ ሁለቱን ማስታረቅ ግድ ይላል። አክስሉ ሙሉ በሙሉ ሲወርድ የፍሬን ቱቦው አለመወጠሩንም ይመልከቱ።

የጎማው ዲያሜትር ከ75 ወደ 82.5 ሴንቲሜትር ካደገ፣ የፍጥነት መለኪያው 100 ሲያሳይ መኪናው በተግባር በ110 ይጓዛል። ጉልበቱም የደከመ ይመስላል፤ መፍትሔው የዲፈረንሻል ጥርሶችን መቀየር ነው። ሆኖም የፊቱና የኋላው አንድ ዓይነት መሆን አለበት፤ ካልሆነ ከላይ የተገለጸው የማርሽ መጨበጥ በቀጥታ መንገድ ላይም ይደርሳል።

የፊት መብራት መደብዘዝ

በ12 ቮልት መኪና ሞተሩ እየሠራ ባትሪው ላይ ከ13.8 እስከ 14.4 ቮልት ከተገኘ ዲናሞው ጤነኛ ነው። መብራቱ ላይ ሲለካ ግን ከግማሽ ቮልት በላይ ከጎደለ ኃይሉን የሚበላው ያረጀው ሽቦና ማብሪያው ነው። የቦዲ ማሰሪያውን (የኔጋቲቭ ሽቦው ከመኪናው አካል ጋር የሚያያዝበትን) ቦታ ዝገት ያጽዱ፤ ከዚያም ኃይሉን ከባትሪው በወፍራም ሽቦና በሪሌ (በትንሽ ኃይል ትልቅ ኃይልን በሚያበራና በሚያጠፋ ማብሪያ) ያምጡ፣ ፊውዙንም ከባትሪው አጠገብ ያድርጉት።